አምፔሩ ልክ ነበር

ዘውገ መሞቱን በስልክ የነገረኝ አብሮኝ የተማረ ሰው ነው። ሰመራ፣ ቀትር ላይ፣ ቬንትሌተሩን ፊቴ ላይ አዙሬ ጋደም ብዬ ነበር። «ታፈሰ፣ መምህራችንን አጣናቸው እኮ» አለኝና ድምፁ ተሰበረ። «እንደ እሳቸው ያለ ሰው ዳግም አይገኝም።» አይገኝም፤ እሱስ እውነት ነው። ነፍስ ይማር ልል አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣልኝም። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይባላል። እኔን ግን ያድርገኝ። በሕይወት እያለ አንቱ ስለው ኖሬያለሁ፤ አሁን ግን አንቱታውን ነፍጌዋለሁ። ስለዚህ ዘውገ እለዋለሁ፣ እሱ እለዋለሁ፤ ያልጣመው አያንብበው።

ያወቅኩት በንጉሡ ዘመን ነው፤ ከአዋሽ ከተማ ወደ ታች፣ ወንዙን ይዞ በተዘረጋ የጥጥ እርሻ ውስጥ። እርሻው የራሱ ጥጥ መዳመጫ ነበረው። ዘውገ የመዳመጫው ዋና የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሲሆን፣ እኔ ገና ሽቦ መቀጠል የምማር የእሱ ረዳት ነበርኩ። ሠራተኛው ሁሉ «መሐንዲሱ» ይለዋል። መዳመጫ ውስጥ የዋለ ሰው ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል፤ ቅንድባችን፣ ፂማችን፣ አፍንጫችን ሳይቀር ብናኝ ጥጥ ለብሶ ሁላችንም ያለ ዕድሜያችን ሸብተን እንወጣለን። እሱ ነጭ ሸሚዙን ተኩሶ ይገባል፣ እንደተተኮሰ ይወጣል። ጉልበት ሠራተኛ ከጨበጠ ወዲያው መሐረብ ያወጣና ጣቶቹን አንድ በአንድ ይጠርጋል፤ ሰውየው ገና ፊቱ ቆሞ እያለ! ይኸው ንጹሕ ሰው ታዲያ ሰሌዳ ላይ ሲሳሳት ዳስተር አይፈልግም። አውራ ጣቱን ምላሱ ላይ ያስነካና በምራቁ ያጠፋዋል። የጠመኔው ውኃ በሰሌዳው ላይ ሲንጠባጠብ እያየሁ ስንት ቀን እራቴ እንደተበላሸ እኔ ነኝ የማውቀው።

ግን ያስተምር ነበር። ኧረ እንዴት አድርጎ! ቢያንገሸግሸኝም እውነቱን ልናገር፤ ስለ ማግኔት የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት ከዚያ ሰው አፍ ነው። ከሥራ በኋላ፣ ፀሐይዋ ትንሽ ስትበርድ፣ ጋራዡ አጠገብ ባለው ዳስ ሥር ወጣቶቹን ይሰበስበናል። መጽሐፍ አይዝም። አንድ ቀን ወደ ወንዙ በጣቱ አመለከተና ጀመረ።

«ያ ፓምፕ የሚገፋበት ጉልበት አለ አይደል? ማግኔት ላይ እሱን ኤች እንለዋለን። ሽቦው ስንት ዙር ተጠቀለለ፣ ስንት አምፔር ያልፍበታል፣ አባዛው፤ ከዚያ ማግኔቱ ለሚዞርበት መንገድ ርዝመት አካፍለው። አምፔር በሜትር ይሆናል። የድሮ ሰዎች በኦርስቴድ ይለኩታል። ገባችሁ? ይህ ግፊቱ ብቻ ነው። ውኃው አይደለም።»

«ውኃውስ?» አልኩ።

«በቦዩ አፍ የሚያልፈው ውኃ በጠቅላላ ፍላክስ ነው፤ መለኪያው ዌበር። ያንን ለቦዩ አፍ ስፋት ብታካፍለው፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚያልፈውን ታገኛለህ። እሱ ቢ ይባላል። በዌበር በካሬ ሜትር፣ ማለትም በቴስላ ይለካል። በድሮው ጋውስ ነው፤ አሥር ሺህ ጋውስ አንድ ቴስላ። ብረት አንጠልጥሎ የሚይዘው ቢ ነው። ኤች ብቻውን ምስማር አያነሳም!»

«ፓምፑ አንድ ከሆነ የሚያልፈውም ውኃ አንድ አይሆንም?»

ይህን ጥያቄ ይወደው ነበር። ዓይኑ በራ። «ቦዩስ? አንዱ ቦይ የተጠረገ ነው፤ ሌላው ደለልና ቄጠማ ሞልቶታል። ፓምፑ እኩል ቢገፋም የሚያልፈው እኩል አይደለም። ብረትም እንዲሁ ነው። ለስላሳ ብረት ውስጥ ማግኔት እንደ ልቡ ያልፋል፤ በመኪና ባሌስትራ ጠንካራ ብረት ውስጥ ግን ተገፍቶም የሚያልፈው በግድ ነው። ይህ የብረቱ ባሕርይ ሚው ይባላል። ቢ ማለት ሚው ሲባዛ በኤች ነው።» ይህን ጻፈና ሰሌዳውን በመዳፉ መታ። «ጉልበት ሌላ፣ ውጤት ሌላ! ይህን ያደባለቀ ሰው እኔ ጋ ኤሌክትሪክ ተማርኩ እንዳይል!»

ሰው እንዲህ አጥርቶ ያውቃል። ይህን ያዙልኝ።

አሁን ወደ ሰይድ ልምጣ። ሰይድ ከወሎ የመጣ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ከእኔ ጥቂት የሚበልጥ ሰው ነበር። ሥራው መዳመጫውን ማጉረስ ነው፤ ያልተዳመጠውን ጥጥ እየዘረጋ በአሸንዳው ወደ መጋዞቹ ይለቃል። ሚስቱ ዘሃራ በር ላይ ሻይ ታፈላለች። ከአሸንዳው በላይ ትልቅ የኤሌክትሪክ ማግኔት ተሰቅሏል። ጥጡ ከማሳ ሲመጣ ሽቦ፣ ብሎን፣ የዶማ ስባሪ ይዞ ይመጣል፤ አንዲት ብረት ማግኔቱን አልፋ መጋዙን ከነካች ብልጭ ትላለች። ደረቅ ጥጥ ላይ ብልጭታ ምን እንደሚያደርግ መንገር አያስፈልገኝም።

አጉራሾቹ ታዲያ የራሳቸው ልማድ ነበራቸው። «የማግኔቱ ቁርስ» ይሉታል። ጠዋት ጥጥ ሳይለቀቅ፣ ሰይድ ቢስሚላህ ብሎ አንድ ጭብጥ ምስማር በባዶው አሸንዳ ላይ ያንሸራትታል። ማግኔቱ ሁሉንም ለቅሞ ከያዘ «በልቷል» ይላል፤ ሥራ ይጀመራል። አንድም ምስማር ካመለጠችው ደግሞ «ዛሬ አሞታል» ይልና እጁን አጣምሮ ይቆማል፤ ዘውገ መጥቶ ሳያየው ማንም አያስነሳውም። መብራቱ ሲጠፋ የሚረግፈውን ምስማር በቆርቆሮ ጣሳ ተቀብሎ ለነገ ያስቀምጠዋል። እየሳቁ ያደርጉታል እንጂ የዋዛ ነገር አልነበረም። ዘውገ ራሱ አንዴ በትምህርት መሐል «እነዚህ ሰዎች ሳያውቁት ቢን ነው የሚለኩት» ብሎን ነበር።

በጥጥ ለቀማው ወራት፣ የጫኑ ትራክተሮች በር ላይ ተሰልፈው ሳለ፣ ማግኔቱ ግሎ እምብርቱ ተሰነጠቀ። እምብርት የምለው ሽቦው የተጠቀለለበትን የመሐሉን ብረት ነው። ምትኩ ከድሬዳዋ እስኪመጣ ሳምንታት ይወስዳል። የእርሻው ሥራ አስኪያጅ፣ ፈረንጁ፣ ፀጉሩን ሊነጭ ደረሰ። ያኔ ዘውገ ሸሚዙን እያስተካከለ «እሑድን ስጠኝ፤ ሰኞ ይነሳል» አለው። እሑድ ማንንም ሳያስገባ ከአንድ የጋራዥ ሰው ጋር ዘግቶ ዋለ። ሰኞ ተነሳ። ፈረንጁ በሠራተኛው ፊት አቀፈው። አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ይወስዱታል የሚል ወሬ ከዚያ ቀን ጀመረ፤ ዘውገም ወሬውን ሲሰማ ዝም ብሎ ፈገግ ይል ነበር።

ያን ሰኞ ግን ሌላም ነገር አደረገ። ግድግዳው ላይ የአምፔር መለኪያ ሰቀለና መስታወቱ ላይ በቀይ ቀለም አሰመረ። «መርፌዋ ቀዩ ላይ ካለች ማግኔቱ ደህና ነው። ከእንግዲህ ምስማር የሚባል ነገር እንዳላይ! እዚህ ዘመናዊ ፋብሪካ ነው፤ የጠንቋይ ቤት አይደለም።» አጉራሾቹ ተያዩ። ሰይድ ጣሳውን ይዞ ወጣ።

ሰይድ ግን አላስቻለውም። ከሰው ቀድሞ ይገባና በባዶው አሸንዳ ላይ ምስማሩን ይሞክራል፤ ለቃቅሞም ወደ ጣሳው ይመልሳል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን፣ እኔ መሰላል ላይ አምፖል ስቀይር፣ ወደ ዘውገ መጣ።

«መሐንዲስ፣ ወላሂ ይሄ ማግኔት ይጥላል። ግማሹን እንኳ አልያዘውም።»

ዘውገ ወደ ምስማሩ አልዞረም። ወደ ግድግዳው ነው የጠቆመው። «መርፌዋ የት ናት?»

«ቀዩ ላይ።»

«አምፔሩ ልክ ነው?»

«መርፌዋስ ልክ ናት፤ ግን…»

«በቃ! ሥራህን ሥራ።»

እኔ ከመሰላሉ ላይ «ጋሼ፣ አምፔሩ እኮ ኤችን ነው የሚነግረን…» ብዬ ጀመርኩ። ቀና ብሎ አየኝ። እንዲህ ዓይነት አስተያየት ከሰው ዓይን አይቼ አላውቅም፤ ቁጣ አልነበረበትም። «ጎበዝ» አለኝና መሐረቡን አውጥቶ ወጣ። ያን ቀን ከሰይድ ጋር አልተጨባበጡም እንኳ፤ ጣቱን ግን ጠረገ።

ከጥቂት ቀን በኋላ እሳት ተነሳ። መጋዙ ሥር ብልጭ አለ፤ እግዚኦ ሳንል መጋዘኑ ሁሉ ተያያዘ። ሰው አልሞተም፣ ማሽኖቹና ማግኔቱም ተረፉ፣ ተመስገን። ጥጡ ግን እንዳለ ነደደ፤ ጭሱ አዋሽ ባቡር ጣቢያ ድረስ ታየ አሉ። በማግሥቱ ጥፋተኛ ይፈለግ ጀመር። ያኔ ነው አንዱ ዘበኛ «ሰይድ በየጠዋቱ ሰው ሳይገባ አሸንዳው ላይ ምስማር ሲበትን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» ያለው። ቤቱ ተፈተሸ፤ ጣሳው ተገኘ። የገዛ ማስጠንቀቂያው ወንጀል ሆኖ ተገኘበት! ሆን ብሎ ንብረት አቃጠለ ተባለ። በንጉሡ ዘመን ለአንድ የወሎ ጉልበት ሠራተኛ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ዘሃራ ያኔ እርጉዝ ነበረች።

ጉዳዩ የታየው በሥራ አስኪያጁ ቢሮ ነው። ፈረንጁ፣ ከአዋሽ የመጣ የፖሊስ መኮንን፣ ዘውገ። ሰይድን ውጭ፣ ፀሐይ ላይ፣ ከፖሊስ ጋር አስቀምጠውታል፤ ውስጥ ምን እንደተባለ አልሰማም። እኔ ልመስክር ብዬ በግድ ገባሁ። ሰይድ ምስማሩን የሚበትነው ማግኔቱን ለመሞከር መሆኑን፣ ማግኔቱ እንደሚጥል ለመሐንዲሱ ሲነግረው በጆሮዬ መስማቴን ተናገርኩ።

መኮንኑ ወደ ዘውገ ዞረ። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው፤ ነግሮኛል» አለ ዘውገ። ሳይሸማቀቅ! «እኔም መለኪያውን አሳየሁት። አምፔሩ ልክ ነበር። የሽቦው ዙር አልተለወጠም። ርዝመቱ አልተለወጠም። ስለዚህ ኤች አልተለወጠም። እሳቱ በተነሳበትም ቀን መርፌዋ ቀዩ ላይ ነበረች፤ ሁሉም ያየው ነው።» ከዚያ ቁጥሩን በኦርስቴድ ተናገረ።

ፈረንጁ የእርሻ ሰው ነው፤ ግን አንድ ነገር የሰማ ይመስላል። «በጋውስ ስንት ይሆናል?» አለ።

ዘውገ ትንፋሽ እንኳ አልወሰደም። «በአየር ላይ የኦርስቴድና የጋውስ ቁጥር አንድ ነው» አለ።

ደሜ ፈላ። «ማግኔቱ እኮ አየር አይደለም፣ ብረት ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «አየር ላይ እኩል ይሁን፤ ብረት ውስጥ ሚው አለ! ራስዎ አይደሉ ያስተማሩን? ቢው ስንት ነው? ስንት ቴስላ ነው? እምብርቱ ምን ዓይነት ብረት ነው?»

ፈገግ አለ። «ይህ ልጅ ጎበዝ ተማሪዬ ነው» አላቸው፤ ሊያመሰግነኝ ይመስል። «ቢን የሚለካ መሣሪያ እዚህ የለንም።» ይህም እውነት ነው።

«ምስማር አለ! አሁኑኑ ሄደን ቁርስ እናብላው!»

«ጭብጥ ምስማር መሣሪያ አይደለም» አለ ለመኮንኑ፤ ሁለቱም ሳቁ። ፈረንጁ ሰዓቱን አየ።

ልብ በሉልኝ፤ ከአፉ አንዲት ውሸት አልወጣችም። አምፔሩ ልክ ነበር። ኤች አልተለወጠም። አየር ላይ ቁጥሩ አንድ ነው። መሣሪያ የለም። ውሸታም ሰው እኮ ቢያንስ እውነትን ይፈራል፤ የዚህኛው ግን ሌላ ነው። የተጠየቀው ስለ ውኃው፤ የመለሰው ስለ ፓምፑ፤ ልዩነቱን ደግሞ በዚያ አገር ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ቱ!

ሰይድን በዚያው ቀን በላንድሮቨር ጭነው ወደ አዋሽ ወሰዱት። በሩ ላይ ያየኋት ዘሃራ አላለቀሰችም፤ የሻይ ብርጭቆዎቿን በጨርቅ እየጠቀለለች ነበር። ተፈረደበት፤ ዓመታት ታሰረ። እሱ እስር ቤት ሳለ ልጁ ተወለደ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ምናልባት ፈራ፣ ሰው ነው፣ እል ነበር። አላለቀም። ሰይድ ከተወሰደ በኋላ ከድሬዳዋ እውነተኛው እምብርት መጣ፤ ዘውገ ቀየረው። የማግኔቱን ቁርስ ራሱ መልሶ አስጀመረው! ምስማሩ እንዳለ ሲያዝ «ይኸው፣ በልቷል» አለ። አጉራሾቹ አንገታቸውን ደፉ።

በዚያው ሳምንት ለትምህርት ስንሰበሰብ አንድ ከባድ ነገር በጆንያ ጠቅልሎ መጣ። ጠረጴዛው ላይ አኖረውና ገለጠው። ያን እሑድ ማግኔቱ ላይ የገጠመው እምብርት ነው። ከአሮጌ መኪና የወጣ የባሌስትራ ቅጠል ተደራርቦ በብሎን የታሰረ፤ በየመሐሉ ዝገትና ክፍተት፤ ውፍረቱም ከዋናው ያነሰ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። እኔ ይደብቀዋል፣ ወንዝ ይከተዋል ስል እሱ መማሪያ አደረገው!

«ይህን ተመልከቱ» አለ፣ ጠመኔውን አንስቶ። «ሚው ዝቅተኛ ነው። በየቅጠሉ መሐል አየር አለ፤ አየር ደግሞ ማግኔትን ክፉኛ ያግዳል። ስፋቱም ጠቧል፤ ፍላክስ ቢ ሲባዛ በስፋት መሆኑን አትርሱ። ስለዚህ አምፔሩ ልክ ሆኖ ሳለ ፍላክሱ ይወድቃል። ለማግኔት እንዲህ ዓይነት ብረት አይሆንም።» ይህን ሲል ያየው እኔን ነው። ከዚያ አንድ ፊደል ተሳስቶ ነበርና ጣቱን ላሰ፤ በምራቁ አጠፋው።

ብድግ ብዬ ወጣሁ። ዳሱ ጀርባ ሄጄ አስታወኩ፤ የእውነት ነው የምላችሁ። ማስታወክ ሲያበቃ ወደ ፈረንጁ ቢሮ ሄጄ ያየሁትን ነገርኩት። «ፋይሉ ተዘግቷል» አለኝ። የአዋሹ መኮንንም ዘንድ ሄድኩ፤ እሱም እንዲያው። ከእርሻው የለቀቅኩት በዚያው ወር ነው። ዘውገ አዲስ አበባ ተዛወረ፤ ኋላም ትልቅ ትምህርት ቤት ገብቶ ስንቱን አስተማረ። ተማሪዎቹ ይወዱት ነበር አሉ። ለምን አይወዱት! ማስተማሩን እኮ ማንም አልካደም።

ሰይድን ያገኘሁት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ ለሥራ ወደዚህ መጥቼ ሰመራ ከከተምኩ ወዲህ። ሰርዶ ላይ፣ የጅቡቲ መንገድ ላይ፣ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ ቤት ከፍቶ ልጁ ያሠራለታል። ባለፍኩ ቁጥር እወርዳለሁ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ መንገዱ እንጫወታለን። የዚያን ዘመን ነገር ላነሳ ስል «ያለፈ አለፈ፣ ታፈሰ» ብሎ ወሬ ይቀይራል። ቁስሉ የእሱ እንጂ የእኔ አይደለምና እተወዋለሁ።

ስልኩ በተደወለልኝ ማግሥት ወደ እሱ ሄድኩ። ጥላ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ለሁለታችንም ሻይ አስመጣ።

«ዘውገ ሞተ» አልኩት።

«ኢና ሊላሂ…» አለና መዳፉን በፊቱ አሳለፈ። «መሐንዲሱ? አላህ ይዘንለት።»

«ለሱ ዱዓ ታደርጋለህ?»

«ምን ሆኜ አላደርግ? እኔ እኮ አፉ ካልኩት፣ ይቅር ካልኩት ቆየሁ። ገና እስር ቤት ሳለሁ ነው አፉ ያልኩት።»

«በል እንዴት ቻልክ?»

«አላወቀማ!» አለ፣ ያልገባኝ እኔ መሆኔ ገርሞት። «ሰው ባላወቀው ይያዛል እንዴ? ያቺ መርፌ ናት የሸወደችው። ልክ ናት አለችው፣ አመናት። ያን ያህል ተምሮ በአንዲት መርፌ መታለሉ አሳዘነኝ እንጂ አላናደደኝም። በየሰላቱ ያ አላህ ይህን ሰው አትያዝበት እላለሁ። ለኔም በጀኝ፤ ቂም ይዤ ብኖር ይሄኔ ሞቼ ነበር።»

ዝም ማለት እችል ነበር። ሰውየው ሰላሙን አግኝቷል፤ ሌላው ሞቷል። ግን ያ ባለ ንጹሕ ሸሚዝ ይህንንም ይዞት ሊቀበር ነው ብዬ አሰብኩ፤ የሰይድን ዱዓ! አንጀቴ እምቢ አለኝ። ስለ ፓምፑና ስለ ቦዩ ነገርኩት። በቢሮው ውስጥ የተባለውን ሁሉ፣ ባሌስትራውን፣ ሰሌዳው ላይ የጻፈውን ነገርኩት።

ከዚያ ቀስ ብሎ ጠየቀ። «ይህን ያስተማራችሁ እሳቱ ሳይነሳ ነው?»

«ሳይነሳ።»

«ምስማሩን ስነግረው ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር፣ ሰይድ።»

ሻዩን ሳይጠጣ አፈሩ ላይ ደፋው። ልጁ ከውስጥ ብቅ ብሎ የአባቱን ፊት አየና ተመለሰ።

«ለካ እኔ አፉ ስለው የኖርኩት ሌላ ሰው ነው» አለ። «ይኼኛውን አላውቀውም።»